የሄድፎን አምፕሊፋየር ጌይን አመራረጥ፦ ቮልዩሙ ገና ሲነካ ለሚጮኽባችሁና እስከ ጥግ ዞሮም ለማይሰማችሁ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የሄድፎን አምፕሊፋየር ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ቮልዩሙን ገና ነካ ሳደርገው ጆሮዬን ሊበጥሰው ይደርሳል፤ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ግራው ብቻ ይሰማል» ይላል። ሌላው «እስከ መጨረሻው አዙሬውም ድምፁ አልወጣ አለ» ይላል። ሁለቱም ዕቃው ተበላሽቷል ብለው ወደ ሻጩ ይመለሳሉ። ዕቃው ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ቦታዋን የሳተችው ከኋላው ወይም ከሥሩ ያለችው ትንሽ የጌይን ማብሪያ ናት።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩ። በተለይ ደረጃ 3ን እና 5ን አትዝለሉ፤ የሚሳሳት ሰው በብዛት የሚሳሳተው እነሱን ዘሎ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት መያዝ ያለበት ነገር

ጌይን አምፕሊፋየሩ የገባለትን ቮልቴጅ በስንት እንደሚያባዛ የሚወስን ቅንብር ነው። 1 እጥፍ ከሆነ እንደገባ ያወጣዋል፤ 5 እጥፍ ከሆነ አምስት ጊዜ ያሳድገዋል። ቮልዩም ደግሞ የሚቀንስ ነገር ነው። በአብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ቮልዩሙ ከማባዣው ክፍል በፊት ተቀምጦ ምን ያህል ምልክት እንደሚያልፍ ይወስናል፤ እስከ ጥግ ሲዞር መቀነሱን ያቆማል እንጂ ከራሱ የሚጨምረው የለም።

ሮቶ አስቡ። ሮቶውን ከጣሪያ በላይ ስትሰቅሉት ቧንቧው ገና ሲነካ ይፈናጠቃል፤ ውኃው ግን ከበፊቱ አልጠራም። ጌይንም እንዲሁ ነው። ከፍ ስላደረጋችሁት ሙዚቃው አይጠራም፣ አምፕሊፋየሩም አዲስ ጉልበት አያገኝም። አምፕሊፋየሩ ሊያወጣ የሚችለው ትልቁ ቮልቴጅ የተወሰነው በኃይል አቅርቦቱ ነው፤ ጌይኑ የሚለውጠው ያ ጣሪያ በስንተኛው የማዞሪያ እርምጃ ላይ እንደሚደረስ ነው።

ሁለት ቁጥሮችም ያስፈልጋችኋል። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይጨምራል። 10 እጥፍ ሲሆን በ20 ዴሲቤል።

## ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ጌይን አግኙ

1. ከፊት፣ ከኋላና ከሥር ፈልጉ። ብዙዎቹ ላይ ከጎኑ ኤል እና ኤች የሚሉ የላቲን ፊደላት ያሉበት ትንሽ ማብሪያ ነው፤ ኤል ዝቅተኛ፣ ኤች ከፍተኛ ነው። አንዳንዱ መካከለኛም አለው።
2. ስክሪን ያለው ከሆነ ከቅንብሮቹ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ።
3. ተጭኖ የሚገባ ቁልፍ ከሆነና የትኛው ከፍተኛ እንደሆነ ካልተጻፈበት፣ ቮልዩሙን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሄድፎኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ቀያይሩት። ጎልቶ የወጣው ከፍተኛው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በሚክሰርና ከኮምፒውተር ጋር በሚሠራ የድምፅ መቅረጫ ሳጥን ላይ «ጌይን» የተባለው ማዞሪያ የማይክራፎኑ ነው። የሚያነሳው ወደ ውስጥ የሚገባውን ድምፅ ነው፤ ወደ ሄድፎናችሁ የሚሄደውን ለማስተካከል የተሠራ አይደለም። መንዙማም ሆነ መዝሙር የሚቀርጹ ልጆች ሄድፎናቸው አልሰማ ሲላቸው ይህንን ያነሱታል፤ በሄድፎን ደስ እያላቸው ይቀርጹና ቤት ወስደው ሲከፍቱት የመሪው ድምፅ ተሰንጥቆ ያገኙታል። የተሰነጠቀ ቀረጻ ደግሞ ወደነበረበት አይመለስም። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ የሄድፎን ምልክት ካለው ማዞሪያ ሌላ ምንም አትንኩ።

## ደረጃ 2፦ ቁጥሮቻችሁን ጻፉ

ሒሳብ የማይወድ ሰው ወደ ደረጃ 3 ይለፍ፤ ጆሮው በኋላ ይነግረዋል። ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ግን ይህን ክፍል አትለፉት። ብር ያድናል።

ሦስት ነገሮች ጻፉ፦ የሄድፎኑን ኦም (ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም)፣ የሄድፎኑን የድምፅ ብቃት በዴሲቤል (ለተሰጠው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚጮኽ) እና የምንጩን፣ ማለትም ድምፁ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመጣበትን ዕቃ፣ የውጤት ቮልቴጅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በሄድፎኑ ካርቶን ላይ አሉ። ምንጩን በተመለከተ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ የዲጂታል ድምፅ መቀየሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ 2 ቮልት ያወጣሉ፤ ስልኮችና በስልክ ቻርጀር ቀዳዳ የሚሰኩ ትንንሽ መቀየሪያዎች ከ0.5 እስከ 1 ቮልት አካባቢ።

የድምፅ ብቃቱ በሁለት ዓይነት ይጻፋል፦ በ1 ሚሊዋት ወይም በ1 ቮልት። አታምታቱት። ለምሳሌ በ32 ኦም ሄድፎን ላይ በሁለቱ መካከል 15 ዴሲቤል ያህል ልዩነት አለ። በሚሊዋት የተጻፈ ከሆነ 1 ሚሊዋት ለማግኘት ስንት ቮልት እንደሚያስፈልግ እነሆ፦

- 16 ኦም፦ 0.13 ቮልት
- 32 ኦም፦ 0.18 ቮልት
- 80 ኦም፦ 0.28 ቮልት
- 250 ኦም፦ 0.50 ቮልት
- 300 ኦም፦ 0.55 ቮልት
- 600 ኦም፦ 0.77 ቮልት

ሌላ ኦም ካላችሁ ኦሙን ለ1000 አካፍላችሁ ስኩዌር ሩቱን አውጡ።

አሁን በሁለት የታወቁ ሄድፎኖች እንየው። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስ 38 ኦምና 99 ዴሲቤል በሚሊዋት ነው። 0.195 ቮልት ሲደርሰው 99 ዴሲቤል ያወጣል። የሙዚቃው ከፍተኛ ምት 100 ዴሲቤል እንዲደርስ ብትፈልጉ 0.22 ቮልት ይበቃዋል። ምንጩ 2 ቮልት፣ ጌይኑ 1 እጥፍ ከሆነ የምትጠቀሙት ከሙሉው 11 በመቶውን ነው። የተለመደው የቮልዩም ማዞሪያ መሃሉ ላይ ሲቆም የሚያሳልፈው ከ10 እስከ 15 በመቶ ስለሆነ ጠቋሚው መሃል አካባቢ ይቆማል። ጥሩ ቦታ ነው። ያንኑ በ5 እጥፍ ጌይን ብታደርጉት የሚያስፈልጋችሁ 2 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ ጠቋሚው ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ ይቆማል። «ገና ነካ ሳደርገው ይጮኻል» የተባለው ይህ ነው።

ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ባለ 250 ኦሙ ደግሞ 96 ዴሲቤል በሚሊዋት ነው። ለ100 ዴሲቤል 0.8 ቮልት ገደማ፣ ለ110 ዴሲቤል 2.5 ቮልት ይፈልጋል። 0.5 ቮልት ከሚያወጣ ስልክ ጋር 110 ላይ ለመድረስ 5 እጥፍ ጌይን ግድ ነው። እዚህ ከፍተኛው ቦታ ሥራ አለው።

110 የተባለው እዚያ ላይ እንድታዳምጡ አይደለም። ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ሥራ ሲገጥማችሁ መጠባበቂያ እንዲኖር ነው።

## ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ምንጩን አስተካክሉ

ጌይን ከመንካታችሁ በፊት ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው ድምፅ ሙሉ መሆን አለበት። ከኮምፒውተሩ በ30 በመቶ ልኮ በአምፕሊፋየሩ ለማካካስ የሚታገል ሰው ዘወትር ጌይኑን ያለ ጥፋቱ ይከሳል።

1. የኮምፒውተሩን ወይም የስልኩን ቮልዩም 100 አድርሱት። የማጫወቻው ፕሮግራም የራሱ ቮልዩም ካለው እሱንም 100።
2. ከ100 በላይ የሚያስኬድ ማጫወቻ ካላችሁ ወደ 100 መልሱት። ከዚያ በላይ ያለው በዲጂታል የተጋነነ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ሳይደርስ ይሰነጠቃል።
3. ኢኩዋላይዘር፣ «ባስ ማጠናከሪያ» እና መሰል ነገሮችን ለጊዜው አጥፉ።
4. ስልኩ «ለጆሮዎ ጎጂ ሊሆን ይችላል» ብሎ ቮልዩሙን ከገደበው ማስጠንቀቂያውን ተቀብላችሁ እለፉ። አሁን የመጨረሻውን ድምፅ የሚቆጣጠረው አምፕሊፋየሩ ነው፤ ስለዚህ የጥንቃቄው ኃላፊነት የእናንተ ሆኗል ማለት ነው።
5. ከስልኩ የሄድፎን ቀዳዳ ወደ አምፕሊፋየር የምታስገቡ ከሆነና ድምፁ ሙሉ ላይ ሻካራ ከሆነ ስልኩን ወደ 85 በመቶ ዝቅ አድርጉት። አንዳንድ ስልክ ጫፉ ላይ ራሱ ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 4፦ ሦስት ቀረጻዎች ምረጡ

ጌይን የሚመረጠው በምትወዱት አንድ ዘፈን አይደለም። ባላችሁ ዝቅተኛ ቀረጻና ባላችሁ ከፍተኛ ቀረጻ መካከል ነው።

ዝቅተኛው። ከካሴት የተገለበጠ የቆየ መንዙማ ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የለውም። መሪው ብቻውን ሲያወጣ ድምፁ ስስ ነው፤ ተቀባዮቹ ከድቤው ጋር ሲገቡ ቤቱን ይሞላዋል። ይህ ልዩነት መጠባበቂያችሁን በደንብ ይፈትናል።

ከፍተኛው። በቅርብ ዓመታት የወጣ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ጉልበት የሚጮኽ የስቱዲዮ ሥራ።

ባዶ ቦታ ያለው። በማሲንቆ ብቻ የታጀበ አምባሰል ወይም ባቲ። አንድ መሣሪያና አንድ ድምፅ ብቻ ስላለ የግራና የቀኝ መዛባትም፣ ከጀርባ ያለ ሽሽታም («ሽ…» የሚል ጫጫታ) ወዲያው ይጋለጣል።

ሦስቱንም በፋይል ያዙ። ዩቲዩብ ላይ አትሞክሩት፤ ጮክ ብለው የተጫኑትን ራሱ ዝቅ ስለሚያደርግ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን እውነተኛ ርቀት አታዩትም።

## ደረጃ 5፦ አበራርና አጠፋፍ

መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ለምትኖሩ ከሁሉም ደረጃ ይህ ይበልጣል።

1. የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም ወደ ዜሮ፣ ጌይኑን ወደ ዝቅተኛ።
2. መጀመሪያ ምንጩን፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን አብሩ።
3. ጥቂት ሰከንዶች ቆዩና ሄድፎኑን ሰኩ። ብዙ አምፕሊፋየሮች ሲበሩ «ዱም» የሚል ምት ይልካሉ፤ ጌይኑ ከፍተኛ ላይ በሆነ ቁጥር ምቱም ሊከብድ ይችላል።
4. ከሰካችሁ በኋላ ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉ። ከዚያ ቮልዩሙን ቀስ ብላችሁ አንሱ።
5. ስታጠፉ በግልባጩ፦ ሄድፎኑን ንቀሉ፣ አምፕሊፋየሩን አጥፉ፣ መጨረሻ ምንጩን።

እያዳመጣችሁ መብራት ቢጠፋ ሄድፎኑን ከጆሯችሁ አውርዳችሁ ንቀሉት፤ ቮልዩሙንም ወደ ዜሮ መልሱ። «ተመልሶ ይመጣል» ብሎ እንደተሰካ መተው ክፉ ልማድ ነው። ስታቢላይዘር ቢኖራችሁም ያው ነው፤ እሱ የቮልቴጁን መዋዠቅ ያስተካክላል እንጂ የመነሻውን ምት አያስቀረውም።

ጌይን በምትቀይሩበት ጊዜ ሁሉ ቮልዩሙ ዜሮ፣ ሄድፎኑም ከጆሮ የወረደ ይሁን። ከ1 ወደ 5 እጥፍ መዝለል በአንድ ጊዜ 14 ዴሲቤል መጨመር ነው።

## ደረጃ 6፦ ከዝቅተኛው ጀምሩ

1. የማሲንቆውን ቀረጻ ክፈቱና ማዞሪያውን ከዜሮ በጣም ቀስ እያደረጋችሁ አንሱ። በብዙ ማዞሪያዎች ላይ መጀመሪያ ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ይነቃል፤ ጥቂት ሲዞር ሁለተኛው ይከተላል፤ ከዚያ ዘፋኙ ከአንድ ትከሻችሁ ተነሥቶ ወደ ግንባራችሁ መሃል ይመጣል። መሃል የደረሰበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በታች ያለው ክፍል ለማዳመጥ አይሆንም።
2. ከፍተኛውን ቀረጻ ክፈቱና በምሽት፣ ሰው ሲተኛ በምታዳምጡበት ዝቅተኛ መጠን ላይ አድርጉት። ጠቋሚው ከእርሳስ ምልክቱ በላይ ነው? ከሆነ አልፋችኋል።
3. ዝቅተኛውን ቀረጻ ክፈቱ። መሪው ብቻውን በሚያወጣበት ቦታ እስኪበቃችሁ አንሱት። ተቀባዮቹ ሲገቡም ድምፁ ንጹሕ መሆን አለበት።
4. ጠቋሚው የት ቆመ?

መሃል ወይም እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ ከሆነ ጌይናችሁ ትክክል ነው። እዚያው ተዉት፣ ማብሪያው ላይም ትንሽ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ የግድ ነው። ሦስት አራተኛውን አልፎም በቂ ከሆነ አሁንም ችግር የለም። ማዞሪያው ጥግ ስለደረሰ አምፕሊፋየሩ «ይደክማል» የሚባለው ወሬ ነው፤ በ1 እጥፍ ጌይን ላይ ጥግ መድረስ የምንጩን ድምፅ ሳይቀንሱ ማሳለፍ ብቻ ነው።

ጥግ ደርሶም ካልበቃ ወደ ደረጃ 7 እለፉ። በዝቅተኛው ጌይን እንኳ ከሩቡ በታች ከቆመ ደግሞ ከታች «በዝቅተኛውም ሲጮኽ» የሚለውን እዩ።

ማዞሪያችሁ በዲጂታል የሚሠራ፣ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ የግራና የቀኝ መዛባት አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ያኔ ጌይን የምትመርጡት በሽሽታና በመጠባበቂያ ብቻ ነው።

## ደረጃ 7፦ ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግ

1. ቮልዩሙ ዜሮ፣ ሄድፎኑ ከጆሮ ይውረድ። ጌይኑን አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ አድርጉ። መካከለኛ ካለው መካከለኛው ላይ ቁሙ።
2. ደረጃ 6ን ከመጀመሪያው ድገሙ። የእርሳስ ምልክቱን ያለፈ ዝቅተኛ ማዳመጫ አሁንም አላችሁ? ከጠፋ አዲሱ ጌይን በዝቶባችኋል።
3. ዝቅተኛውን ቀረጻ ከፍ አድርጋችሁ ስንጥቃት ፈልጉ። ድቤው ሲመታ «ጥፍ» የሚል ደረቅ ድምፅ ከጨመረ፣ ወይም የመሪው ድምፅ ጫፉ ላይ ከሻከረ አምፕሊፋየሩ ጣሪያውን ነክቷል።

ይህንን ጣሪያ ማወቅ ጥሩ ነው። 2 ቮልት በ5 ሲባዛ 10 ቮልት ነው። በፖዘቲቭና ኔጋቲቭ 12 ቮልት የሚሠራ አምፕሊፋየር ግን በተለዋዋጭ ቮልቴጅ ሲለካ ከ8.5 ቮልት በላይ ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ ማዞሪያው ጥግ ሳይደርስ መሰንጠቅ ይጀምራል። ጉድለት አይደለም፤ በሙሉ ምንጭና በከፍተኛ ጌይን ጥግ ድረስ አትሂዱ ማለት ነው። ከኮምፒውተር ዩኤስቢ ብቻ ኃይል የሚወስዱት ትንንሾቹ ደግሞ ጣሪያቸው ከዚህ ብዙ ዝቅ ያለ ነው፤ ለ300 ኦም ሄድፎን ከፍተኛ ጌይን ሰጥታችኋቸው ቢሰነጠቁ አትፍረዱባቸው።

## ደረጃ 8፦ ሽሽታውን ፈትሹ

ሙዚቃውን አቁሙ። ክፍሉ ጸጥ ይበል፤ ከመንገድ ዳር ቤት የምትኖሩ ማታውን ጠብቁ።

ቮልዩሙን ዜሮ አድርጋችሁ «ሽ…» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ያ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ጫጫታ ነው። ጌይኑን ዝቅ ስታደርጉ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ጆሮ ውስጥ የሚገቡ 16 ኦም ማዳመጫዎች ይህን በደንብ ያሰማሉ፤ ለእነሱ ከዝቅተኛው ጌይን ሌላ አትሞክሩ።

ቮልዩሙን ስታነሱ አብሮ የሚያድግ ሽሽታ ከሆነ የሚመጣው ከምንጩ ነው። ጌይን መቀነስ አያድናችሁም፤ ያንኑ ያህል ቮልዩሙን ስታነሱ ተመልሶ ይመጣል። ከካሴት የተገለበጠ ቀረጻ ላይ የምትሰሙት ሽሽታ ደግሞ ካሴቱ ላይ ያለ ነው፤ ተዉት።

«እም…» የሚል ወፍራም ጉርምርምታ ከሆነ መንስኤው የ50 ኸርዝ የመብራት መስመር ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። ከጠፋ ላፕቶፑንና አምፕሊፋየሩን ከአንድ ባለብዙ ሶኬት ማከፋፈያ ላይ ሰኩና እንደገና እዩ። ካልጠፋ በመካከላቸው ያለውን የድምፅ ገመድ ቀይሩ።

## «በከፍተኛው ጌይን ይሻላል» ለምትሉ

ይህንን ክርክር በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ «ባሱ ጠነከረ፣ ድምፁ ሰፋ፣ ዋሽንቱ አበራ» ይባላል። ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ምክንያቱ ድምፁ ትንሽ ስለጎላ ነው ብዬ አምናለሁ። ጆሮ በ1 ዴሲቤል የጎላን ነገር «ጎላ» አይልም፤ «አማረ» ይላል። መጠኑን ሳያስተካክል ሁለት ጌይን አወዳደርኩ የሚል ሰው ያወዳደረው ሁለት ቮልዩም ነው።

በትክክል ለማወዳደር፦

1. 200 ኸርዝ የሆነ አንድ ወጥ ድምፅ የያዘ ፋይል አዘጋጁ። 50 እና 100 አትጠቀሙ፤ ከመብራቱ ጉርምርምታ ጋር ይቀላቀላል።
2. መልቲሜትራችሁ ተለዋዋጭ ቮልቴጅን ከ2 ቮልት በታች የሚለካ መሆኑን አረጋግጡ። ገበያው ላይ የሞላው ርካሹ ቢጫ መልቲሜትር ከ200 ቮልት ስለሚጀምር ለዚህ አይሆንም።
3. ሄድፎኑን በሁለት ቀዳዳ ማከፋፈያ ሰኩ፤ በሁለተኛው ቀዳዳ የተላጠ ጫፍ ያለው ገመድ አውጡ። ሁለቱ ሽቦዎች አይነካኩ፤ ከተነካኩ አምፕሊፋየሩን ልትጎዱት ትችላላችሁ። ሄድፎኑም ጆሯችሁ ላይ አይሁን።
4. መልቲሜትሩን በሁለቱ ሽቦዎች ላይ አድርጉ፤ በዝቅተኛው ጌይን ቮልዩሙን ወደተለመደ ቦታ አምጡና የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉ። ለምሳሌ 0.200 ቮልት።
5. ቮልዩሙን ዝቅ፣ ጌይኑን ከፍ አድርጉና ቮልዩሙን ያው 0.200 እስኪመጣ አስተካክሉ። 1 በመቶ ልዩነት 0.1 ዴሲቤል አይሞላም፤ እዚያ ድረስ ከተቀራረበ ይበቃል።
6. ፋይሉን ወደ ሙዚቃ ቀይሩና አዳምጡ። የጌይን ማብሪያውን ሌላ ሰው ቢይዝላችሁና የትኛው ላይ እንዳለ ባይነግራችሁ የበለጠ ይታመናል።

እግረ መንገዳችሁን የጌይናችሁን ርቀትም ታገኛላችሁ። ማዞሪያውን ሳታነቃንቁ፣ ሄድፎኑ ተነቅሎ ጌይኑን ብቻ ብትቀይሩና 0.2 ወደ 0.8 ቢሄድ ልዩነቱ 4 እጥፍ፣ ማለትም 12 ዴሲቤል ነው።

እውነተኛ ልዩነት ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። በብዙ አምፕሊፋየሮች ጌይን ሲጨምር ጫጫታውና የድምፅ መዛባቱ በመጠኑ ይጨምራል። ልብ በሉ፦ ልዩነቱ ካለ የሚያደላው ለዝቅተኛው ነው።

## ሲበላሽ

በዝቅተኛውም ሲጮኽ። ምንጩን ከ100 ወደ 70 ዝቅ አድርጉ። ካልበቃ በምንጩና በአምፕሊፋየሩ መካከል የሚገባ የድምፅ መቀነሻ ገመድ ፈልጉ፤ 10 ዴሲቤል የሚቀንስ ማዞሪያችሁን ወደ መሃል ያመጣዋል።

አንድ ጆሮ ሁልጊዜ ዝቅ ሲል። ሄድፎኑን ገልብጣችሁ አድርጉ፣ ግራው በቀኝ ጆሯችሁ። ደካማው ወደ ሌላ ጆሮ ከተዛወረ ችግሩ ሄድፎኑ ወይም አምፕሊፋየሩ ነው። ካልተዛወረ ጆሯችሁ ነው፤ ሐኪም አይቶት ምናልባት ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በየትኛውም ቮልዩም፣ ዝቅም ቢል ሲሰነጠቅ። መግቢያው ተጨናንቋል። ጥቂት አምፕሊፋየሮች መጀመሪያ አባዝተው በኋላ ይቀንሳሉ፤ በእነዚህ ቮልዩም መቀነስ አያድንም። ጌይኑን ወይም ምንጩን ቀንሱ።

ማዞሪያው ሲዞር ሲንኮሻኮሽ። አቧራ ነው። አምፕሊፋየሩን ከመብራት ነቅላችሁ ማዞሪያውን ከጥግ እስከ ጥግ ደጋግማችሁ አዙሩ። ካልተወ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ በሚያውቅ ጥገና ባለሙያ ይነፋበት። የማጠቢያ ቤንዚንና የመኪና ዘይት ያለው ስፕሬይ አታስጠጉት።

ምንም ሳይሰነጠቅ፣ በከፍተኛው ጌይን ጥግ ላይም ሲያንስ። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ሁሉም 100 ከሆነና አሁንም ካነሰ ጆሯችሁን ጠይቁ፦ ከጠዋት ጀምሮ ስታዳምጡ ነው የዋላችሁት? የደከመ ጆሮ ሁልጊዜ ጨምሩልኝ ይላል። በሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት አርፋችሁ መልሳችሁ ሞክሩ።

ከመብራት መቋረጥ በኋላ ድምፁ ከተለወጠ ወይም አንድ ወገን ከጠፋ። ሄድፎናችሁን መልሳችሁ አትሰኩ። አምፕሊፋየሩን ያለ ሙዚቃ አብሩ፣ ቮልዩሙ ዜሮ ይሁን። መልቲሜትሩን በቀጥተኛ ቮልቴጅ 200 ሚሊቮልት ላይ አድርጉ፤ ለዚህ ቢጫውም ይበቃል። የግራውንና የቀኙን መውጫ ለየብቻ ለኩ። ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ካሳየ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ገመዱንና ጃኩን ፈትሹ። 50 ሚሊቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ አምፕሊፋየሩ ወደ ሄድፎኑ የማያቋርጥ ቮልቴጅ እየላከ ነው፤ ጌይን ዝቅ አድርጋችሁ ለመጠቀም አትሞክሩ፣ ሄድፎኑን ሳትሰኩ ወደ ጥገና ውሰዱት።